መርፌ እየታየኝ ባጃጅ ያልታየኝ፦ ከግላኮማ ጋር እንዴት እንደምኖር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት 47 ዓመቴ ነበር። የንባብ መነጽሬን አድርጌ ቀጭን ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንድ ሙከራ አስገባ ነበር። ስለዚህ ዓይኔን አልጠረጠርኩትም። አንድ ቀን ከሱቄ ወጥቼ መንገድ ስሻገር በግራዬ የመጣ ባጃጅ ጭራሽ አልታየኝም። ለጥቂት ሳተኝ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ምነው ጋሼ፣ አያዩም እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ባጃጁ ከየት እንደመጣ ነበር ግራ የገባኝ።

ግላኮማ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ይጀምራል፤ መሃሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ፊት ለፊት ያለው ነገር ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰው ዓይኔ ደህና ነው ይላል። በብዙዎቻችን ላይ አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይንም አያቀላም። እኔ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት መነጽር ለመቀየር ነበር። የዓይኔ ግፊት ሲለካ ቀኙ 31፣ ግራው 34 ሆነ። በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ነው።

ከዚያ በኋላ አባየ ትዝ አለኝ። አባየ ሐይቅ ከተማ ነበር የሚኖረው። ዓይኑ ሲደክም ሁላችንም «ሞራ ነው፣ ይብሰል» አልን። ጠበቅን። በሰለ ብለን ስንወስደው ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ በመብራት አየና ዝም አለ። ሞራ አልነበረም። ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እይታው ይመለስ ነበር። ግላኮማ የወሰደው እይታ ግን አይመለስም። አባየ ቀሪ ዕድሜውን የኖረው በልጅ ልጆቹ እጅ እየተመራ ነው። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

አንድ ሌላ ነገር። እኛ ወሎ ውስጥ ትራኮማን እናውቀዋለን። ግላኮማ ሲባል ብዙ ሰው ትራኮማ ይመስለዋል፤ ፊት በመታጠብ የሚከላከሉት፣ በየዓመቱ በሚታደለው መድኃኒት የሚድን ይመስለዋል። የስማቸው መጨረሻ ቢመሳሰልም ሌላ በሽታ ነው። ግላኮማ አይተላለፍም። በዘር ግን ይሄዳል።

ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ንጹህ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም። ይህ ፈሳሽ እንደ ወንፊት ባለ ቀጭን መውጫ ይወጣል። የጣራ አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውሃው እንደሚያቁር ሁሉ፣ መውጫው ሲጠብ ፈሳሹ ይጠራቀምና ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ከዓይን ጀርባ ያለውን፣ ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ግፊታቸው ልክ ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ግፊቴ ተለክቶ ደህና ነው ተብያለሁ ብላችሁ አትመለሱ። ነርቩ ራሱ ይታይልኝ በሉ።

ጠብታው

ትልቁ ችግር ይህ ነው፦ ጠብታው ምንም ለውጥ አያሳይም። ራስ ምታት ያለበት ሰው ክኒን ውጦ ሲሻለው ያውቀዋል። የእኛ ጠብታ ግን የተሻለ እንድናይ አያደርግም። እንዲያውም ያቃጥላል፣ ዓይን ያቀላል። ሥራው ያለችውን እይታ መጠበቅ ነው። የተጠበቀ ነገር ደግሞ አይታይም። ብዙ ሰው «ሦስት ወር አደረግኩት፣ ምንም አልረዳኝም» ብሎ የሚያቆመው ለዚህ ነው። እባካችሁ አታቁሙ። ረድቷችኋል።

አደራረጉም ሙያ ይፈልጋል። እኔ ለሁለት ወር ያህል ግማሹን ጉንጬ ላይ ነበር የማፈሰው። አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። አልጋ ላይ ጋደም እላለሁ ወይም አንገቴን ወደ ኋላ እጥላለሁ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአንድ ጣት ዝቅ አድርጌ ትንሽ ኪስ እሠራለሁ። እንደ ሸሚዝ ኪስ አፉ ከፈት ያለ መሆን አለበት። ወደ ላይ አያለሁ። ከዚያ አንድ ጠብታ። አንድ ብቻ፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም፣ ሌላው ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ እጠነቀቃለሁ፤ ከነካ ጀርም ይገባበታል። ከዚያ ዓይኔን ሳልጨምቅ ቀስ ብዬ እከድነውና፣ በአፍንጫዬ በኩል ያለውን የዓይኔን ጥግ በጣቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርጌ እይዛለሁ። እዚያ ጥግ ላይ ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀዳዳ አለ። ካልተያዘ መድኃኒቱ በአፍንጫና በጉሮሮ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ጠብታችሁ ጉሮሯችሁን ከመረራችሁ እየወረደ ነው ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ካላችሁ በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ያለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ጠብታውን በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ላይ አድርጉና ዓይናችሁን ክፈቱ። ራሱ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

የማስታወስ ጉዳይ የማንቂያ ደወል ብቻ አይደለም። ደወሉን አጥፍቶ ሌላ ነገር መጀመር ቀላል ነው። ጠብታውን ቀድሞውኑ ከማትተዉት ነገር ጋር እሰሩት። የእኔ ላታኖፕሮስት ነው፤ ማታ አንዴ። ከዒሻ ሶላት ጋር አስሬዋለሁ። መስገጃዬን አጥፌ የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ጠርሙሱ አለ። ወንድሜ በቀን ሁለቴ የሚደረግ አለው፤ እሱ ከጠዋትና ከማታ ጥርስ መፋቂያው ጋር አድርጎታል። አንድ ማታ ረስታችሁ ካደራችሁ በማግስቱ ሁለት ጠብታ አታድርጉ። በሰዓቱ የታዘዘውን ብቻ ቀጥሉ።

ረመዳን ሲመጣ ጠብታውን ቀን ላይ የሚተዉ ሰዎች አውቃለሁ። የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚም በ1997 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባወጣው ውሳኔ እንዲሁ ብሏል። ልባችሁ ካላረፈ ሼኻችሁን ጠይቁ፤ ሐኪማችሁ ሰዓቱን ከስሑርና ከፊጥራ ጋር ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። በራሳችሁ ግን አትተዉት። ፊጥራ ላይ ደግሞ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ አትጨልጡ። አንድ ሊትር ውሃ በአንዴ መጠጣት የዓይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ቀስ እያላችሁ፣ ከፋፍላችሁ ጠጡ።

ክርስቲያኖቹ ዘመዶቼም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው። አክስቴ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ትወጣለች። በፊት «ጸበል ላይ እያለሁ የሰው መድኃኒት አልነካም» ትል ነበር። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ አሁን ጠብታዋን ከስንቋ ጋር ይዛ ትወጣለች። ጸበሏም ጠብታዋም አልተጣሉም። አንድ ነገር ብቻ፦ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ዓይኑ ላይ ምንም ዓይነት ውሃ አያፍስስ። ኢንፌክሽን ከገባ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

ስለ አቀማመጥ። ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ውጭ መቆየት ይችላል፤ በማብራሪያ ወረቀቱ መሠረት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከሆነው ይጣላል። እኔ የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፌ ጠርሙሱ ላይ እለጥፋለሁ። ደሴ ብርድ ስለሆነች ችግር የለም። ለጨርቅ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስወርድ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ማታ ተመልሼ የማድር ከሆነ ጠርሙሱን ቤት እተወዋለሁ። እዚያው የማድር ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳ መሃል ላይ አደርገዋለሁ። መኪና ፊት ለፊት መስታወት ስር እንዳታስቀምጡት።

ሁልጊዜም አንድ ትርፍ ጠርሙስ ይኑራችሁ። ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ጠብታዬ መስገጃው ጋ ቀረ። የጠየቅኩበት ፋርማሲ ሁሉ «አልቋል» አለኝ። ከአንድ ወር በላይ ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ተመልሼ ስለካ ግራው 36 ነበር። በዚያ ዓይን በኩል የነበረችኝ ትንሽ የጎን እይታ በኋላ በተደረገው ምርመራ ላይ የለችም። አሁን አንድ ጠርሙስ ከቤተሰቡ መታወቂያና ከልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጊዜው ሳያልፍ በአዲስ እቀይረዋለሁ።

ሳትናገሩ አትቀበሉ፣ ሳትጠይቁ አትግዙ

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ቲሞሎል ነበር። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። እኔ ግን አስም አለብኝ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም የዓይን ጠብታ ከደረቴ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ አልተናገርኩም። በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጥቼ ሰው ቀሰቀስኩ። ቲሞሎል የአየር ቧንቧን ያጠባል፣ የልብ ምትንም ይቀንሳል። አስም ያለበት፣ የልብ ምቱ የሚዘገም ሰው ጠብታ ሲታዘዝለት ቀድሞ ይናገር። ዲያሞክስ የሚባለው ክኒን ከታዘዘላችሁ ደግሞ ጣት መጠዝጠዝና ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት የሚጠበቅ ነው። የሰልፋ መድኃኒት የሚቆጣችሁ ከሆነ ወይም ኩላሊታችሁ ችግር ካለበት ግን ሳትውጡት ለሐኪሙ ንገሩ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ዴክሳሜታዞን የሚባለው፣ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ነው። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ሁሉ ይገዛለታል። በእርግጥም ማሳከኩን ወዲያው ያቆመዋል። ስለዚህ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለሳምንታት ሲደረግ የብዙ ሰው የዓይን ግፊት ይወጣል፤ ከዚያም ግላኮማ ይመጣል። የእህቴ ልጅ በ13 ዓመቱ በዚህ ምክንያት ግፊቱ ወጥቶ ነበር። በጊዜ ስለተቆመለት ተረፈ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጆቻችሁ እንዳትገዙ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ላይ ማድረግም እንዲሁ።

ቤትና መንገድ

የጎን እይታዬ ከጠበበ በኋላ በጣም የጎዳኝ መሰናከሉ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሳይሳለም አያልፍም። ጎረቤቴ ለሳምንታት አኩርፎኝ ነበር፤ ለካ አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ እኔ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ሲነገረኝ ቤቱ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁት። አሁን ለሁሉም እነግራለሁ፦ «ከጎኔ ስትሆን ስሜን ጥራ፣ አይታየኝም»። ጎረቤቴ ከሩቅ ጀምሮ «አብሽር! እኔ ነኝ!» እያለ ነው የሚመጣው። ተናገሩ። መደበቅ ከሰው ይለያል።

መንገድ ላይ ዓይንን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትን ማዞር ልመዱ። ከመሻገራችሁ በፊት ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። የደሴን ዳገትና ደረጃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ደረጃውና መንገዱ አንድ ይሆናል። የቤቴን ደረጃ ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ። መውረድ ከመውጣት ይከብዳል፤ ስወርድ ግድግዳውን እይዛለሁ። ክፍት ቦይ ባለበት ሰፈር ማታ ያለ ባትሪ አልሄድም። መኪና ወይም ሞተር የምትነዱ ከሆነ የእይታ ስፋት ምርመራችሁን ውጤት ይዛችሁ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፦ መንዳት እችላለሁ ወይ? እንጀራችሁ ከሆነ ጥያቄው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያልታየኝ ባጃጅ ሕፃን ሊሆን ይችል ነበር።

ቤት ውስጥ በር ወይ ሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይፈነክታል። ከሰል ማንደጃው የሁልጊዜ ቦታ አለው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ጀበናውና ረከቦቱ ከአንድ ጥግ አይነሱም። ቡናውን አልተውኩም። ቡና የዓይን ግፊትን ለአጭር ጊዜ በትንሹ ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ አቦልና ቶናውን ጠጥቼ በረካውን ቀምሼ እመልሳለሁ። ከባድ ዕቃ ትንፋሽ ይዞ ማንሳትም ግፊት ያወጣል፤ የጨርቅ ጣቃ አሁን በልጄ ነው የሚወርደው። በእግር መሄድ ግን ጥሩ ነው። ጭንቅላት ለረጅም ጊዜ ወደ ታች ሲደፋም ግፊት ይጨምራል። ሶላት ልተው ነው ብዬ ጨንቆኝ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ስገድ፣ ሱጁዱን አታርዝመው አለኝ።

ሌዘር፣ ቀዶ ሕክምናና አዳዲሱ ነገር

ጠብታ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ኤስ ኤል ቲ የሚባል ሌዘር አለ። መውጫውን በብርሃን እየነካ ፈሳሹ በተሻለ እንዲወጣ ያደርጋል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ 718 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሌዘሩን መጀመሪያ ካገኙት መካከል ወደ ሦስት አራተኛው ሦስት ዓመት ያህል ያለ ጠብታ ግፊታቸው ተጠብቆ ቆይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው። ኪሊማንጃሮ አካባቢ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሌዘርን ከቲሞሎል ጋር አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው በሌዘር ለ61 በመቶው፣ በጠብታ ለ31 በመቶው ነበር። ጠብታ በየወሩ መግዛት ለሚከብደው ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል፤ ሊደገም ይችላል። ቀጠሯችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ «ሌዘር ለእኔ ይሆናል ወይ? የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀዶ ሕክምናው ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈትለታል። ወንድሜ ግራ ዓይኑን ተሠርቷል። ፋሻው ሲነሳ «ምንም አልተሻለኝም» ብሎ አዘነ። ቀድሞ ስላልተነገረው ነው። ቀዶ ሕክምናውም እንደ ጠብታው ያለውን ለመጠበቅ እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደለም። የተሠራ ዓይን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

ውጭ አገር ጠብታ መርሳትን የሚያስቀሩ ነገሮች እየመጡ ነው። ዓይን ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚለቅ ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሰ ነገር አሜሪካ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ ሌላ ዓይነት ደግሞ በ2023። ነርቩን ራሱን ለማጠንከር ኒኮቲናማይድ የተባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። በጥናቱ የሚሰጠው መጠን ከፍተኛ ስለሆነና ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ግላኮማ ባለባቸው አይጦች ላይ የጠፋ እይታ በከፊል መመለሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ልቤ በዚህ ይሞቃል። ግን አይጥ ላይ ነው። ዛሬ የሞተ የዓይን ነርቭ እመልሳለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡት።

ቀጠሮና ዘመድ

ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ የጠብታችሁን ጠርሙስና አንድ ደብተር ያዙ። የዛሬ ግፊቴ ስንት ነው? ለእኔ የተፈለገው ስንት ነው? የእይታ ስፋቴ ካለፈው ተለወጠ? እነዚህን ጠይቃችሁ ጻፉ። የእይታ ስፋት ምርመራው ላይ አገጫችሁን አስቀምጣችሁ መሃል መሃሉን እያያችሁ ብልጭታ ባያችሁ ቁጥር ቁልፍ ትጫናላችሁ። ብዙው ብልጭታ አይታያችሁም። አትደንግጡ፤ ማሽኑ ጤነኛ ሰውም የማያየውን ደካማ ብርሃን ሆን ብሎ ያሳያል። የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገላችሁ ለሰዓታት ቅርቡ ይደበዝዛል፤ የሚመልሳችሁ ሰው ይኑር። ድንገት ዓይን በኃይል ካመመ፣ ከቀላ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየና ካስመለሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ እሱ ድንገተኛው ዓይነት ነው፣ ያኔውኑ ሂዱ።

ሕፃናትንም እዩ። እኛ ወሎ ትልልቅ ዓይን ያለው ልጅ ሲወለድ «ማሻአላህ፣ ዓይኑ ሲያምር!» እንላለን። ዓይኑ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ የሚያለቅስ፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ ጥቁሩ ክፍል ጭጋግ የለበሰ ከሆነ ግን ፈጥናችሁ ለሐኪም አሳዩት። ከግላኮማ ጋር የሚወለድ ልጅ አለ፤ ቶሎ ከተሠራለት ዓይኑ ሊተርፍ ይችላል።

ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ በብዙ እጥፍ የተጋለጠ ነው። እኔ እንደታወቀልኝ ለአምስቱም ወንድሞቼና እህቶቼ ደወልኩ። ሦስቱ መጡ፤ ታላቅ ወንድሜ ላይ ተገኘ። ተንታ ያለችው ታናሽ እህቴ «በደንብ አያለሁ፣ ምን ልሁን ብዬ?» እያለች ሦስት ዓመት አሳለፈች። በመጨረሻ ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ልትለካ ስትመጣ፣ ቀሚሱን ከመቁረጤ በፊት እጇን ይዤ ወሰድኳት። ግፊቷ 28 ነበር። ነርቯ ገና አልተነካም። ጠብታዋን ጀምራለች፤ ማታ ማታ እኔ የራሴን ካደረግኩ በኋላ እደውልላታለሁ። «አደረግሽ?» እላታለሁ። «አደረግሁ» ትለኛለች።